የ1965 ቮልስ ፍሬን ጥገና ማስታወሻ

መነሻ

መኪናው በ1965 እ.ኤ.አ. የተመረተ ቮልስ ነው፤ 1200 ሞተር፣ 6 ቮልት። አራቱም እግር (ጎማው የታሰረበት ቦታ) ታምቡር ነው፤ ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ጎድጓዳ ሲሆን፣ ሸራው ከውስጥ ተገፍቶ እየተሻሸ ይይዘዋል። የታምቡሩ የውስጥ ዲያሜትር 230 ሚሊ ሜትር፣ የፊት ሸራ ስፋት 40፣ የኋላው 30። የፍሬን መስመሩ አንድ ብቻ ስለሆነ የትም ቦታ ቢፈስ አራቱም እግር በአንዴ ይጠፋል፤ የሚተርፈው በገመድ የሚሠራው የእጅ ፍሬን ነው።

ቅሬታዎቹ፦

ፔዳሉ መጀመሪያ ሲረገጥ ወለል ሊነካ ይደርሳል፤ ወዲያው ሲደገም ከፍ ብሎ ይይዛል።

ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ ቀኝ ይስባል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ለአፍታ ወደ ግራ ይላል።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ፔዳሉ አጭርና ደረቅ ይሆናል፣ መኪናው ይከብዳል፣ ማርሽ ተፈትቶ ቁልቁለት ላይ ቢለቀቅ እንኳ አይንከባለልም። ሲቀዘቅዝ ይለቃል።

ከዚህ በፊት ያየው ጋራዥ «ማስተር ይቀየር» ብሎ አዲስ ማስተር አስገዝቷል፤ ማስተር ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ አራቱም እግር የሚገፋው ዋና ሲሊንደር ነው። ማስተሩ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ለጊዜው እዚያው ይቆይ፤ ከሦስቱ ምልክቶች ማስተሩን በቀጥታ የሚከስ የለም።

1ኛ ሳምንት፣ ምንም ሳይፈታ

መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ፔዳሉ ይጠየቃል። መኪናው ቆሞ ፔዳሉ ተረገጠ፤ ሩቅ ወረደ። ሳይዘገይ ሲደገም ከፍ ብሎ ያዘ፣ አያያዙም ድርቅ ያለ ነው። አየር ቢኖር ኖሮ ከፍ ቢልም እንደ ስፖንጅ ይለጠጥ ነበር። ቀጥሎ ፔዳሉ በጠንካራ እግር ለአንድ ደቂቃ ያህል ተይዞ ተጠበቀ፤ አልሰመጠም። የማስተሩ ላስቲክ ዘይት የሚያሳልፍ ቢሆን፣ ወይም የሆነ ቦታ ቢፈስ፣ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቅሬታ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል። ማስተሩ በአንድ ርግጫ የሚገፋው ዘይት ክፍተቱን ለመሙላት ብቻ ያልቃል፤ ሁለተኛው ርግጫ ነው የሚይዘው። ይህ የማስተካከያ ችግር ነው። በዚህ መኪና ሸራው ሲያልቅ ክፍተቱን ራሱ የሚያጠብ ነገር የለም፤ በየጊዜው በእጅ መጠበብ አለበት።

ዘይቱ፦ ከትርፍ ጎማው ኋላ ካለው ማጠራቀሚያ በሲሪንጅ ትንሽ ተቀዳ። ቀለሙ ጥቁር ሻይ ሆኗል። በብርጭቆ ውሃ ላይ ጠብ ሲደረግ ሟሟ። ይህ ሙከራ መቅረት የለበትም፤ ዘይቱ ከላይ ከተንሳፈፈ አንድ ሰው የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ጨምሮበታል ማለት ነው፣ ያኔ በመስመሩ ውስጥ ያለ ላስቲክ ሁሉ ስለሚያብጥ አንድም ሳይቀር መጣል አለበት። እዚህ ያ አልደረሰም። ያረጀ የፍሬን ዘይት ነው፣ ውሃ ስቧል።

ሙቀት፦ መኪናው ተነድቶ እስኪከብድ ከተጠበቀ በኋላ ታምቡሮቹ ላይ ውሃ ተንጠባጠበ። አራቱም ሞቀዋል፤ ግራ ፊት ላይ ውሃው ቸስ ብሎ ተነነ። እንደተያዘ ሳለ የቀኝ ኋላው የአየር ማስወጫ ብሎን በ7 መፍቻ ተላላ፤ ዘይቱ ተፈናጠረ፣ እግሩም ወዲያው ተለቀቀ። ብሎኑ ተላልቶ እግሩ ባይለቅ ኖሮ ጥፋቱ የሞላ፣ የነከሰ ፒስተን ወይም የእጅ ፍሬን ገመድ ይሆን ነበር። ስለለቀቀ ግን መስመሩ ውስጥ የታሰረ ግፊት አለ። አራቱም እግር ላይ ስለሆነ ደግሞ ምንጩ የጋራ ነው፤ ከማስተሩ ወይም ማስተሩን ከሚገፋው ዘንግ አያልፍም።

1ኛ ሳምንት፣ ዘንጉ

ፔዳሉ በጣት ሲገፋ ባዶ ጉዞ የለውም። መሆን ያለበት ፔዳሉ ጫፍ ላይ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም በዘንጉና በማስተሩ ፒስተን መካከል ወደ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይሰጣል። ዘንጉ ላይ ያለው መቆለፊያ ዳዶ በመፍቻ ተፋፍቋል፣ ጥርሱም ወደ ውጭ ወጥቷል። አንድ ሰው ዘንጉን አስረዝሞታል።

ለምን እንዳስረዘመው መገመት አይከብድም። ሸራው አልቆ ፔዳሉ ሲወርድ፣ አራት እግር አንስቶ ከማስተካከል ይልቅ ዘንጉን ጥቂት ዙር ማውጣት ይቀላል። ፔዳሉ በእርግጥ ከፍ ይላል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። መዘዙ ግን ማስተሩ ውስጥ ነው። ፒስተኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያርፍ ላስቲኩ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል፤ በሙቀት ያበጠው ዘይት በእሷ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ዘንጉ ረዝሞ ፒስተኑን ትንሽ ወደ ፊት ከያዘው ቀዳዳዋ እንደተደፈነች ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅ መውጫ ያጣል፣ ሸራውን ይገፋል፣ ሸራው ይበልጥ ያሞቀዋል። ሦስተኛው ቅሬታ ይኸው ነው፤ የአንደኛው የተሳሳተ መድኃኒት።

ዘንጉ ጤነኛ ከሆነ ሌላ ቮልስ ላይ ተለክቶ ወደ ርዝመቱ ተመለሰና ተቆለፈ። በዚህ መኪና የዘንጉ ርዝመት አይነካም፤ ባዶ ጉዞው የሚስተካከለው ወለሉ ላይ የታሰረውን የፔዳል ማቆሚያ ሳህን ብሎኖች አላልቶ ሳህኑን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በማንሸራተት ነው። 6 ሚሊ ሜትር ላይ ታሰረ።

ውጤት፦ ፔዳሉ ከበፊቱ ባሰ ዝቅ አለ። የሚጠበቅ ነው፣ አሁን እውነተኛው ክፍተት ታየ። ተነድቶ ሲመለስ ሦስቱ እግሮች ቀዝቃዛ ናቸው፤ ግራ ፊት አሁንም ይሞቃል።

1ኛ ሳምንት፣ ግራ ፊት ለብቻው

ዘንጉ ተስተካክሎ አንድ እግር ብቻ ከታሰረ መስመሩ ቁራጭ በቁራጭ ይፈተናል። ፔዳሉ ተረግጦ ተለቀቀ፣ ግራ ፊት በእጅ አልዞር አለ። መጀመሪያ የብረት መስመሩ ከላስቲክ ቱቦው ጋር የሚገናኝበት ዳዶ ትንሽ ተላላ፤ እግሩ እንደታሰረ ነው። ዳዶው ተመልሶ ጠብቆ የአየር ማስወጫው ብሎን ሲላላ ግን ተለቀቀ። ግፊቱ የታሰረው በሁለቱ መካከል ነው፤ መካከላቸው ያለው ቱቦው ብቻ ነው።

ቱቦው ወጥቶ ሲቆረጥ የውስጥ ግድግዳው አብጦ ቀዳዳው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ውጪው ንጹሕ ነው፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም፤ በዓይን ተመልክቶ «ደህና ነው» ማለት ለፍሬን ቱቦ አይሠራም። እንዲህ የጠበበ ቱቦ በእግር ጉልበት ዘይት ያሳልፋል፣ ግን ዘግይቶ። የሸራ ሞላ ደግሞ ዘይቱን በዚያ ጥበት መልሶ ለመግፋት አቅም የለውም። ፍሬን ሲያዝ ግራው ስለሚዘገይ መኪናው ወደ ቀኝ ይስባል፤ ሲለቀቅ ግራው ስለማይለቅ ወደ ግራ ይላል። ሁለተኛው ቅሬታ በዚህ ተዘጋ።

አራቱም ቱቦዎች ይቀየራሉ፤ ሁለት የፊት፣ ሁለት የኋላ። ዕድሜያቸው አንድ ነው። ቱቦ ከሌላው ዕቃ አንፃር ርካሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው አንዱ ብቻ ተቀይሮ ከወራት በኋላ ሌላው ሲዘጋ፣ ዘይት እንደገና ሲፈስና አየር እንደገና ሲወጣ ነው።

የብረት መስመሩ ዳዶ 11 ነው። ተራ ክፍት መፍቻ ጠርዙን ስለሚበላ ዳዶውን ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ አንድ ጎኑ ብቻ የተሰነጠቀ የመስመር መፍቻ ያስፈልጋል። የቱቦው ራስ በሌላ መፍቻ ካልተያዘ የብረቱ መስመር አብሮ ይጠማዘዛል። አዲሱ ቱቦ ከታሰረ በኋላ መሪው እስከ መጨረሻ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይዞር፤ ቱቦው ጎማም ሆነ ብረት መንካት የለበትም። ከዛሬ በፊት የተቀየረ የብረት መስመር ካለ የጫፉ አከፋፈት ይታይ፦ ቮልስ እንደ አዝራር ያበጠውን ጫፍ ይጠቀማል፤ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ የታጠፈው የአሜሪካና የጃፓን መኪኖች ጫፍ ቢታሰርም ያልባል።

2ኛ ሳምንት፣ የፊት ታምቡሮች

በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይገባም፤ መደገፊያ ይግባ፣ የኋላ ጎማዎች ይታገዱ። ታምቡሩ ከመጎተቱ በፊት የማስተካከያ ኮከቦቹ (ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያቀርቡት ባለጥርስ ዳዶዎች) መላላት አለባቸው፤ ሸራው ታምቡሩን ቦርቡሮ ጠርዙ ላይ ከንፈር ሠርቷል፣ ያለዚያ አይወጣም።

ግራው ፊት ሁለት ነገር አለው። የፍጥነት መለኪያው ገመድ በአክስሉ ውስጥ አልፎ ግራው ቆብ ላይ ይያያዛል፣ የሚያዞረውም ቆቡ ነው፤ ቆቡ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ሽቦ ሳትወጣ ቆቡ ከተመታ ገመዱ ይበጠሳል። የግራው አክስል ዳዶ ጥርሱ ግራ ነው፤ በቀኝ ሲዞር ይፈታል። ይህን ያላወቀ ሰው ቧንቧ ጨምሮ ጥርሱን ይገነጥለዋል።

የሸራው ብናኝ በኮምፕሬሰር አይነፋ። በዚያ ዘመን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ አለ። በውሃ ረጥቦ በጨርቅ ይጠረግና ጨርቁ ይጣል።

የተገኘው፦ ቀኝ ፊት ደረቅ፣ ሸራው ቀጭን፣ ኮከቦቹ ይዞራሉ፣ ግን ማንም አልነካቸውም። ግራ ፊት ሸራው ተቃጥሎ እንደ መስተዋት አብርቷል፣ ከሁለቱ ኮከቦች አንዱ ዝጎ ተጣብቋል። የሁለቱም ሲሊንደሮች (በዘይት ግፊት ሸራውን የሚገፉት) መከላከያ ላስቲክ ተገልጦ ታየ፤ ውስጡ ትንሽ ወዝ ብቻ ነው፣ የሚንጠባጠብ የለም። ፒስተኖቹ በጣት ሲገፉ ይሄዳሉ። አይነኩም። ቢያፈሱ ኖሮ ተፈትተው ውስጣቸው ይታይ ነበር፤ ጉድጓድ የሠራ ሲሊንደር በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽም ተመልሶ ያፈሳል፣ መቀየር ይሻላል። ማጽጃው አልኮል ወይም ራሱ የፍሬን ዘይት ነው። ቤንዚን፣ ላምባና ናፍጣ የፍሬን ላስቲክ ጠላት ናቸው።

የተጣበቀው ኮከብ በዝገት ማላቀቂያ ዘይት አድሮ ወጣ። እሳት አልተሞከረም፤ ሲሊንደሩ ቅርብ ነው። ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ተቀባ። ሲመለስ የማስተካከያው ራስ ላይ ያለው ሸርተቴ ቦይ ሰያፍ መሆኑ ይታይ፤ ከሸራው ጫፍ ሰያፍ ጋር ካልገጠመ ሸራው ተጣሞ ይቀመጣል፣ ግማሹ ብቻ ይይዛል። ሸራው የሚያርፍባቸው የኋላ ሳህን እብጠቶች ተቦርቡረው ስለነበር በሞረድ ተስተካከሉ። ጉድጓዱ ውስጥ የሚያዝ ሸራ በሞላ ጉልበት አይመለስም።

የሁለቱ ታምቡሮች ፊት ተጭሯል። ቶርኖ ቤት (ብረት መላጫ) ሄዱ፤ ግራና ቀኝ እኩል ዲያሜትር ይላጩ ተብሏል። አንዱ ብቻ ከተላጨ መኪናው እንደገና ይስባል። የ230ው ታምቡር ከ231.5 ካለፈ መጣል ነው።

2ኛ ሳምንት፣ ኋላ

የኋላው ዳዶ 36 ነው። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚያግደው ሽቦ) ወጥቶ፣ በቡሶላና (ዳዶውን ከላይ በሚያጠልቅ መፍቻ) በረጅም ቧንቧ ይፈታል። እግሩ ተነስቶ ከተሞከረ መኪናው ከመደገፊያው ይወድቃል።

ግራ ኋላ ሸራው ረጥቧል። የፍሬን ዘይት ነው ወይስ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)? የፍሬን ዘይት በውሃ ይታጠባል፤ ይህ አልታጠበም፣ ሽታውም የካምቢዮ ዘይት የድኝ ሽታ ነው። የአክስሉ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) አልቋል። ከፓራኦሊዮው ጋር ሁለቱ ክብ ላስቲኮች፣ የወረቀቱ ጋስኬትና ኮፒሊያው አብረው ይቀየራሉ። ፓራኦሊዮው የሚያሻሸው ቀለበት ቦይ ከሠራ አዲሱም ያፈሳል፤ ይህኛው ለስላሳ ነው። የካምቢዮው ዘይት ልክም ታየ፤ 2.5 ሊትር ነው የሚይዘው፣ ከመሙያው ቀዳዳ በላይ ከተሞላ ትርፉ መንገድ ፈልጎ በዚሁ ይወጣል።

ዘይት የጠጣ ሸራ አይድንም። በቤንዚን ታጥቦ በእሳት የደረቀ ሸራ ቀዝቃዛ ሳለ ይይዛል፤ ሲሞቅ የጠጣውን ይተፋዋል። የቀኝ ኋላው ሸራ ደህና ቢሆንም በጥንድ ይቀየራል።

ዳዶው ሲመለስ ልኩ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ 30 ኪሎ እንደማንጠልጠል። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ ፊት ይጨመራል እንጂ አይላላም። የላላ ዳዶ የታምቡሩን የውስጥ ጥርስ ይበላዋል፤ ያ ከሆነ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም።

3ኛ ሳምንት፣ ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያ)

አሮጌው ሸራ በእጅ ይዞ መሄድ ግድ ነው። በቮልስ መለዋወጫ ከ1958 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ያለውና ከ1965 ጀምሮ ያለው የፊት ሸራ አንድ አይደለም፤ ስፋቱ አንድ ስለሆነ ብቻ «ይሆናል» ይባላል። የኋላው ደግሞ ከ1968 ጀምሮ 40 ስፋት ሆኗል፣ በዚህ መኪና ታምቡር ውስጥ አይገባም። የድሮውን ብረት አጽድቶ አዲስ ሸራ ማስመታት አማራጭ ነው፣ ዋጋውም ያነሰ ነው፤ ያኔ የሪቬቱ ራስ ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ ይለካ። ሸራው 2.5 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየራል፤ ከዚያ በኋላ ብረት ለብረት ነው።

የተገዛው፦ የፊትና የኋላ ሸራ፣ አራት ቱቦ፣ የሞላ ስብስብ፣ የአንድ አክስል የፓራኦሊዮ ስብስብ፣ ሁለት ኮፒሊያ፣ 1 ሊትር ዶት 4 የፍሬን ዘይት በታሸገ ጠርሙስ። ትልቁ ወጪ ሸራው ነው፣ ቀጥሎ ቶርኖው። አዲሱ ማስተር ለባለሱቁ ተመለሰ፤ በልዋጩ ሸራው ላይ ታሰበ።

ዶት 4 ውሃ ሳይስብ 230፣ ውሃ ስቦ 155 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ዶት 3 205 እና 140። ልዩነቱ ከተማ ውስጥ አይታይም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ፣ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ላይ፣ ያረጀ ዘይት ሲሊንደሩ ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ይሠራል፤ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሐምራዊው ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከድሮው ዘይት ጋር አይቀላቀልም፣ እዚህ መኪና ውስጥ አያስፈልግም።

3ኛ ሳምንት፣ አየር ማውጣትና ማስተካከል

ቅደም ተከተል፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። አንድ ሰው ፔዳል ላይ፣ አንድ ሰው እግሩ ጋ። ግልጽ ቱቦ ከአየር ማስወጫው ወደ ጠርሙስ፣ ጫፉ ዘይት ውስጥ ጠልቆ። ይረገጥ፣ ብሎኑ ይላላ፣ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ብሎኑ ይጥበቅ፣ ቀስ ብሎ ይለቀቅ። አረፋው ጠፍቶ አዲሱ ቀለም እስኪመጣ።

ፔዳሉ ሥር እንጨት ተደረገ። ያረጀ ማስተር ላስቲኩ ሁልጊዜ በሚሄድበት ቦታ ላይ ለስላሳ ነው፤ ከዚያ በታች ዝገት ይኖራል። አየር ሲወጣ ፔዳሉ እስከ ወለል ከተረገጠ ላስቲኩ ዝገቱን አልፎ ይቀደዳል፣ ጤነኛው ማስተር በዚያው ቀን ይሞታል። «አየር አውጥተን ማስተሩ ተበላሸ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ማጠራቀሚያው በየጥቂቱ ይሞላ፤ ወደ ጠርሙሱ የወጣው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው አይመለስም። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ።

ማስተካከያ፦ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ ሁለት ገመዶች ተላሉ፤ ያለዚያ የኋላ ሸራ ተገፍቶ ሳለ ይስተካከላል። የጎማው ቆብ ተነስቶ በታምቡሩ ፊት ባለው ቀዳዳ በካቻቢቴ ኮከቡ ይዞራል። በአንድ እግር ያሉት ሁለቱ ኮከቦች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠብቃሉ። እግሩ እስኪከብድ ይጥበቅ፣ ፔዳሉ ይረገጥ፣ ሸራው ቦታውን ይይዛል፣ እንደገና ይጥበቅ፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ጥርስ ይላላ። ፊት ላይ ከዚህ በፊት የኩሽኔታው (ታምቡሩ የሚዞርበት) ጨዋታ መታየት አለበት። ኩሽኔታው ከላላ ታምቡሩ ይወዛወዛል፣ ማስተካከያው ሐሰት ይሆናል።

የእጅ ፍሬን በመጨረሻ፦ ሁለተኛው ጥርስ ላይ መያዝ ይጀምር፣ አራተኛው ላይ እግሩ በእጅ አይዙር። ሁለቱ ገመዶች እኩል ይጥበቁ።

ፔዳሉ በአንድ ርግጫ ከፍ ብሎ ያዘ። ባዶ ጉዞው እንደገና ተለካ፤ 6።

4ኛ ሳምንት፣ መንገድ ላይ

ሸራው ላይ ጠመኔ ተቀብቶ ታምቡሩ ተመልሶ ጥቂት ከተያዘ በኋላ ተከፈተ። ጠመኔው መሃሉ ላይ ብቻ ጠፍቷል፤ የተላጨ ታምቡር ከአዲስ ሸራ ሰፋ ስለሚል መጀመሪያ ጫፎቹ አይነኩም። በዚህ ጊዜ ፍሬኑ ቢደክም አያስገርምም፣ ማስተሩም አይጠርጠር። ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በቀስታ እየተያዘ፣ በየመሃሉ እየቀዘቀዘ ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይላመድ። በኃይል ከተያዘ ሸራው ሳይገጥም ያበራል።

ከእንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ ተወረደ። ታች ላይ ውሃ ጠብ ተደረገ፤ አራቱም ለብ ያሉ፣ ግራና ቀኝ እኩል። አይስብም።

ቀሪ፦ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ አራቱም እግር እንደገና ይስተካከል፣ ሸራው ሲገጥም ፔዳሉ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ማስተሩ ላይ የታሰረው የፍሬን መብራት ማብሪያ ሁለቱ ሽቦዎች ሲገናኙ መብራቱ ይበራል፣ በፔዳል ግን ዘግይቶ ነው፤ ማብሪያው ይቀየር፣ ዳር ዳሩ ላይ ወዝ አለው። ግራ ኋላ ሳህኑ ሥር ካርቶን ይነጠፍና ይታይ። ዘይቱ በሁለት ዓመት ይቀየር።